ጢም ያለው ዓሣ

«ዛሬ እንግዶቹ በሰላም መጥተው ይሂዱልኝ እንጂ፣ ከነገ ጀምሮ ልጅቷ ከእናቷ እጅ አትበላም።»

ዓሣ ቆራጯ አማቷ ይህን ሲሉ የሰማችው ፊቷን ሳሙና ቀብታ ጎንበስ እንዳለች ነው። በእሷ ክፍልና በአማቷ ሳሎን መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ ጆሮ መደቀን አያስፈልግም፤ አማቷ ሳሎን ሆነው ሲያስነጥሱ «ይማርዎት» የሚባሉት ከዚህኛው ክፍል ነው። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ አቃጠላት፤ ጣሳው ይንኳኳል ብላ ግን ውሃ ለማንሳት እንኳ አልደፈረችም። ማዶ የሻይ ብርጭቆ ከማስቀመጫው ጋር ተጋጨ፤ ቀጥሎ የአማቷ ታላቅ ወንድም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ከጠረጉ ፍርድ ሊሰጥ ነው ማለት ነው። «መልካም አስበሻል» አሉ። «ርኩሰት በእጅ ይተላለፋል። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ስታገላብጥ ትውላለች፤ ማታ በዚያው እጅ ልጇን ታበላለች። ሕፃኗ ምን አጠፋች? ካንቺ ጋር ትብላ፣ ካንቺ ጋር ትደር።» ትብላ ያሉትን እንኳ በሆነ መንገድ ትችለው ይሆናል፤ ትደር የሚለውን ግን አትችለውም። ዞር ብላ አልጋውን አየች። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጇ አፏን ከፍታ፣ አንድ እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ተኝታለች፤ በስሟ ፍርድ መሰጠቱን አታውቅም።

እኚህ ወንድም በሰፈሩ «ፈታሹ» ይባላሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲበረብሩ ኖረው፣ መንግሥት «ይበቃዎታል» ሲላቸው የሰው ሳህን ወደ መበርበር ተሸጋገሩ። የትኛው እንስሳ እንደሚበላ፣ የትኛው እንደማይበላ የሚናገረውን የጥንቱን መጽሐፍ ምዕራፍ በቃላቸው ይወጡታል፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ምዕራፍ ግን ሲጠቅሱ የሰማቸው የለም። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ያልፋል። ግመል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን ችግር አለበት፤ ይመለስ። አሳማ ሰኮናው ደህና ነው፣ አያመሰኳም፤ ወረቀቱ አልተሟላም። ጥንቸል ታመሰኳለች፣ ቆማ ስታመሰኳ ያያት ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። የሌሊት ወፍ ከወፎች ጋር ተሰልፋ ትወድቃለች። አንበጣ ይፈቀዳል፤ ማንም አንበጣ ልብላ ብሎ ጠይቋቸው ባያውቅም፣ በየግብዣው «አንበጣ እኮ ይፈቀዳል» ሳይሉ ከወንበር አይነሡም። ከውሃ ፍጥረት ደግሞ ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ። አምባዛ የሚባለው ዓሣ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ልሙጥ ነው፤ በአፉ ዙሪያም እንደ ሽማግሌ ጢም አንጠልጥሏል። ፈታሹ የአምባዛን ስም በጠሩ ቁጥር የራሳቸውን ጢም ይዘው ነው።

እንግዲህ የዓሣ ቆራጯ ወንጀል የምትሠራበት ሱቅ አምባዛ መሸጡ ነው። አንዲት ጎረቤት በዚያ ስታልፍ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ጢማሙ ዓሣ ሆድ ውስጥ ከትታ አይታታለች፤ አይታም ዝም አላለችም። ከዚያ ወዲህ አማቷ የራሳቸውን ድስት፣ የራሳቸውን ማንኪያ፣ የራሳቸውን የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ለይተዋል። ከዚያው እጅ የሚመጣው ደሞዝ ግን አልተለየም፤ ደሞዝ ሰኮና የለውም፣ አያመሰኳም፣ ፈታሹም እሱን መርምረው አያውቁም። ከሁሉ የሚያናድዳት ደግሞ እሷ ራሷ አምባዛ ቀምሳ አለማወቋ ነው። እናቷ በልጅነቷ «ልሙጡን አትብዪ» ብላት ነበርና፣ ምክንያቱን ሳትጠይቅ እስከ ዛሬ አልበላችም። ይህን በዚህ ቤት የጠየቃት የለም።

ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። «ሰማሃት?» አለችው በሹክሹክታ። «ማንን?» «እናትህን።» ጫማውን ፈታና እንደገና አሰረው። «እማዬ መቼም ታወራለች። ተይው፣ ያልፋል።» ሰውየው ጎማ ጠጋኝ ነው። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ከየት በኩል እንደምትተነፍስ ጎማውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ያገኛታል፤ ይህ ግድግዳ ግን ቤቱ ከገባ ጀምሮ ሲተነፍስ ሰምቶ አያውቅም። ወጥቶ ሄደ። እሷም ልጇን ሳመች፣ እጇን ሳሙና በሳሙና አድርጋ እንደገና ታጠበች፤ ለምን እንደታጠበች ሲገባት በራሷ ተናደደች።

በሩ ላይ አማቷ ጠበቋት። ፊታቸው ላይ ጠዋት የተባለው ነገር ምልክቱም የለም። «የኔ ልጅ፣ አደራሽን። ከሱቅሽ አንድ ጥሩ ቆሮሶ ዓሣ ይዘሽ ነይ። ሳትቆርጪው፣ ሳትፍቂው፣ ከነቅርፊቱ። ጋሼ በዓይናቸው አይተውት እኔ እጠብሰዋለሁ።» ማታ የሚመጡት የትንሹ ልጃቸው እጮኛና ወላጆቿ ናቸው። ትንሹ ልጅ ባንክ ነው የሚሠራው፤ እጮኛውም የደህና ቤት ልጅ ናት ተብሏል። ሁለቱም ቤቶች በዚያው መጽሐፍ ይምላሉ፤ ሆኖም እነዚያ እነዚህ ያረዱትን አይበሉም፣ እነዚህም እነዚያ ያረዱትን ያንገራግራሉ። ስለ ዶሮ ተነጋገሩ፣ ማን ያርዳት በሚለው ላይ ተሰነካከሉ። ስለ በግ ተነጋገሩ፣ ቢላዋው የማን ይሁን በሚለው ላይ ሊኮራረፉ ነበር። ጋብቻው እንዲያው በበግ አንገት ላይ ሊፈርስ ሲል ፈታሹ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ዓሣ አይታረድም» አሉ። እንዲህ ሆኖ ነው ለሠርግ ወሬ ዓሣ የተመረጠው።

ዓሣ ቤቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ነው። ከፊት ለፊት በመስታወት የተከደነ የበረዶ ሳጥን፣ ከጎኑ ሚዛን፣ በስተኋላ የመቁረጫ ጠረጴዛና ትልቅ መጥበሻ አለ። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ጎማ ጫማ ያላደረገ ሰው እዚያ ውስጥ ወይ ይወድቃል ወይ ይጨፍራል። ቆሮሶ ቅርፊታም ነው፣ አነስ ይላል፣ ዋጋው አይቀመስም። አምባዛ ሥጋው ብዙ፣ ዋጋው የቆሮሶ ግማሽ ነው። ተገፍፈው፣ አጥንታቸው ወጥቶ፣ እንደ ጣት ከተቆራረጡ በኋላ ግን ሁለቱም ነጭ ሥጋ ናቸው፤ የወለደቻቸው እናት እንኳ አትለያቸውም። ስለዚህ የመጽሐፍ ሰዎች ማስረጃ ጠየቁ፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቅርፊት ያለው ቆዳ ይቆይልን አሉ። ሱቁ ውስጥ ይህን ቆዳ «ማኅተም» ይሉታል። ለጥቂት ጊዜ ማኅተሙ እውነት ነበር። አንድ ጊዜ ቆሮሶ ሲጠፋ ነው ባለሱቁ ትልቁን ግኝት ያገኘው፤ ማኅተም ከአንዱ ዓሣ ተነሥቶ ሌላው ላይ መቀመጥ ይችላል። የአምባዛው ቁራጭ የእንቁላል ነጭ ይቀባል፣ ቆዳው ላዩ ላይ ይለጠፋል፣ በረዶ ላይ ይቆያል፣ ሲጠበስ አብሮት የተወለደ ይመስላል። «አንዷ ቆሮሶ ስንቱን አምባዛ ታጸድቀዋለች!» ይላል ባለሱቁ እየሳቀ። ማኅተም በመምታት ዓሣ ቆራጯን የሚያህል የለም፤ የቅርፊቱን አቅጣጫ ወደ ጭራ አድርጋ፣ ጠርዙን በቢላዋ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ስታስቀምጠው ዓሣው ራሱ ቢነሣ አምባዛ መሆኑን ይጠራጠራል። ሥራው ሥራ ነው ትላለች። ጠዋት ጠዋት ግን ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነው የምትሠራው።

በዚያን ቀን ከሰዓት በፊት ሱቁ ውስጥ የነበረው ቆሮሶ ጥቂት ነው። ከዚያም አንዱን ለቤቷ ብላ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከፍላበት፣ በረዶው ሥር ቀብራዋለች። የቀረው ቆዳው ለማኅተም ተገፍፏል። እንዲህ ባለበት ሰዓት አንዲት ወፈር ያለች፣ ድምፀ ትልቅ ሴትዮ ገባች። ጨርቅ ነጋዴ መሆኗን ሳትናገር ዓሣ ቆራጯ አወቀችው፤ መስታወቱ ሥር የነበረውን ቁራጭ እንደ ጣቃ በሁለት ጣቶቿ አሸት አድርጋ ፈትሻው ነበርና። «ይሄ ቅርፊት አለው?» «ማኅተሙን ይዩት እንጂ እናቴ» አለ ባለሱቁ ከገንዘብ ሳጥኑ ኋላ ሆኖ። ሴትዮዋ በጥፍሯ ቧጨር አደረገችው። ማኅተሙ ንቅንቅ አላለም። «ጥሩ። አንድ ትሪ ሙሉ ጥበሱልኝ። ዛሬ ልጄን የሚያገባት ልጅ ቤት ነው የምንሄደው። ባንክ ነው የሚሠራው። ወንድምየው ጎማ ይጠግናል አሉ፤ እሱስ እንጀራ ነው፣ ምን ይደረጋል። አጎትየው ደግሞ ጉምሩክ ነበሩ፤ የሰው አፍ ሳይቀር ይፈትሻሉ ይባላል። እነሱም ዓሣ አዘጋጅተዋል፤ እኔ ግን ማን እንደነካው የማላውቀውን አልበላም። የራሴን ይዤ ነው የምሄደው!»

የዓሣ ቆራጯ ቢላዋ ቆመ። «የጎማ ጠጋኙስ ሚስት?» አለች፣ ቀና ሳትል። «ሚስት አለችው እንዴ? የነገረኝ ሰው የለም» አለች ሴትዮዋ። ለካስ ከቁጥርም አውጥተዋታል። አንድ ቃል ብትላት፣ «ይሄን ተይው እትዬ፣ ነገ ነይ» ብትላት፣ ሴትዮዋ ትሪዋን ባዶ ይዛ ትወጣለች፤ እሷ ደግሞ ሥራዋን አጥታ ትወጣለች። ባለሱቁ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ግን እውነቱን እንናገር፤ አፏን የያዘው የሥራው ነገር ብቻ አልነበረም። ሆዷ ውስጥ አንድ ክፉ ደስታ ብድግ ብሎ «ይብሉት!» አለ። ትሪ ሙሉ አምባዛ፣ ከነማኅተሙ፣ ከፈታሹ ጢም ሥር ሲገባ ታያት። ደስታው አስደነገጣት፤ ግን አልተወችውም። «አንቺው ራስሽ ምረጪልኝ፤ ፊትሽ ደስ ይላል» አለች ሴትዮዋ። እሷም መረጠችላት፣ ከሥጋው የወፈረውን፣ ከማኅተሙ ያማረውን። ጠበሰችው፣ ደረደረችው፣ ሎሚ ሰንጥቃ ዳር ዳሩን አስጌጠችው። ሴትዮዋ እያመሰገነቻት ወጣች።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ሥራ ቀዘቀዘ። ዓሣ ቆራጯ የራሷን ቆሮሶ ከበረዶው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፤ እስኪ ልየው ብላ ነው። ቢላዋው እጇ ላይ ነበር። ልጅቷ ትደር ያሉት ነገር ጆሮዋ ውስጥ ይመላለሳል። ካንቺ ጋር ትደር። እኔስ ከማን ጋር ልደር? ማታ ማታ ያንን እግሯን ማን ብርድ ልብስ ውስጥ ይመልስላታል? እጇ ይሠራል፣ ልቧ ይከራከራል። አማቷን ጠየቀቻቸው፣ ፈታሹን መለሰችላቸው፣ ባሏን አፋጠጠችው፤ በሐሳቧ ሁሉንም ረታቻቸው። ቀና ስትል ቆሮሶው ከጭንቅላት እስከ ጭራ ተፍቆ፣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ታጥቦ እንደ አዲስ ሳህን ያብለጨልጫል። ቅርፊቱ ወለሉ ላይ፣ ጎማ ጫማዋ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ ሳይቀር ተበትኗል። ስንት ዓመት ሙሉ ዓሣ ሲፍቅ የኖረ እጅ ሌላ ምን ያድርግ? ባለሱቁ አያትና ሳቀ። «ማኅተም ምቺበታ!» አላት። ለአፍታ አሰበችበት። ከዚያ ተወችው። ቅርፊት የነበረውን ዓሣ ቅርፊት አለው ብላ ማታለል አልዋጥ አላት፤ ውሸትም እኮ ልክ አለው። እንደነበረ ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

አማቷ ላስቲኩን ሲፈቱ ያሰሙት ድምፅ የቀብር ነበር። «ከነቅርፊቱ አላልኩም?» «እማማ፣ እጄ ለምዶ ነው። ሳላስበው ፋቅሁት። ቆሮሶ ነው፤ ቅርፊቱ ሱቅ ወለል ላይ ነው ያለው።» ፈታሹ ተጠሩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ዓሣውን በሹካ አገላበጡ፣ ጅራቱን አነሡ፣ አፉን ከፍተው ጉሮሮውን አዩ፤ ዓሣው ኮንትሮባንድ ውጦ እንደሆነ የጠረጠሩ ይመስሉ ነበር። «ቅርፊት ካለቤቱ አይመሰክርም» አሉ በመጨረሻ። «ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የማናውቀውን አናሳልፍም።» ዓሣው ባሏ ምሳ በሚያሞቅባት መጥበሻ ተጠብሶ፣ ሳህን ተደፍቶበት የጓዳው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ለእንግዶቹ ሩዝና አትክልት ይበቃል ተባለ። «አንቺ እንዲያው ጓዳ ብትሆኚ ይሻላል» አሏት አማቷ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ።»

ሳሎኑ ለዚያ ምሽት ከሰው በተዋሱ ወንበሮች ተሞልቶ ነበር፤ አንዱ ወንበር ከሌላው ከፍ ስለሚል የተቀመጡት ሰዎች ፎቶ ሊነሡ የተሰለፉ ይመስላሉ። ዓሣ ቆራጯ ከጣውላው ግድግዳ ወዲህ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። የጨርቅ ነጋዴዋን ድምፅ ግድግዳ ቢኖርም ባይኖርም ትለየዋለች። ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ተማረሩ፤ ትንሹ ልጅ ስለ ባንኩ ሲጠየቅ አንድ አንድ ቃል መለሰ፤ እጮኛዋም ሳል ሳል አለች። የእሷ ባል ከጥጉ ተቀምጧል፤ እንደ ልማዱ ግን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ የትሪው ክዳን ተነሣ፤ የተጠበሰው ዓሣ ሽታ በጣውላው ስንጥቅ አልፎ እሷ ዘንድ ደረሰ። «እኔ እንኳ የራሴን ይዤ መምጣቴ ቅር ይበላችሁ ብዬ ሳይሆን…» አለች ሴትዮዋ። «ይፈተሽ!» አሉ ፈታሹ በደስታ፤ ሰውየው ሥራ ሲያገኙ ድምፃቸው ወጣት ይሆናል። በጥፍር ሲፋቅ ተሰማ። አንዴ። እንደገና። «ቅርፊት!» አሉ። «እዩ፣ ወደ ጭራ የተኛ፣ ያልተዛነፈ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቅርፊት አላየሁም። አልፏል!»

በሉ። አጥንት የለውም፣ ሥጋው ወፍራም ነው፣ ቆሮሶ እንዲህ ሲወፍር አይታችሁ ታውቃላችሁ እየተባባሉ በሉ። ፈታሹ ሁለቴ ደገሙ፤ ሦስተኛውን የወሰዱት ለምርመራ ይመስላል። በመካከሉ ያንበጣን ነገር አነሡ። ጨርቅ ነጋዴዋም ዓሣውን የመረጠችላትን ሴት አመሰገነች፤ ጨዋነቷን፣ የእጇን ንጽሕና፣ ሎሚውን እንዴት እንደሰነጠቀችው ሳይቀር። ፈታሹ ሆዳቸው ሞልቶ ነበርና ልባቸው ሰፋ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህን ያዘጋጀች እጅ የተባረከች ትሁን» አሉ። «የልጅ ልጆቻችን እንዲህ ካለ እጅ ይብሉ። ከእንዲህ ካለ እጅ አይለዩ።» «አሜን!» አሉ ሁሉም። ከሁሉ የጮኸው የአማቷ አሜን ነበር።

ዓሣ ቆራጯ እንዴት እንደተነሣች አታውቅም። የሻይ ትሪውን ከጓዳ አንሥታ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ የሳሎኑን በር በክርኗ ገፋችው። «አሜን፣ ጋሼ» አለች። «ያፍዎን ያድርግልኝ።» ጨርቅ ነጋዴዋ አንድ ቁራጭ በእጇ እንደያዘች ቀና አለች። «ውይ! ይቺ ናት እኮ! የዓሣ ቤቷ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» «ቤቴ ነው፣ እትዬ። የጎማ ጠጋኙ ሚስት ነኝ። እዚያ አያቷ ጭን ላይ የተቀመጠችው ደግሞ ልጄ ናት።» አማቷ የዋጡት ነገር መንገድ ላይ ቆመባቸው። ጨርቅ ነጋዴዋ ዙሪያውን አየች፤ ነጋዴ ናትና የተደበቀ ዕቃ ይሸታታል። «ለምን አላስተዋወቃችሁንም? እንዲህ ያለች ልጅ ይዛችሁ ጓዳ ትቀብራላችሁ?»

ፈታሹ ጢማቸውን ያዙ። ፊታቸው ላይ አንድ የድሮ ጥርጣሬ፣ የሻንጣ ሁለተኛ ወለል የሚፈልግ ጥርጣሬ፣ ቀስ እያለ መጣ። «ቆይ… ይሄ ዓሣ ከዚያው ሱቅ ነው ማለት ነው? ከዚያው አምባዛ ከሚሸ…» ዓሣ ቆራጯ ትሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ጨርቅ ነጋዴዋ ቆጣ አለች፤ ያመጣችው እሷ ናትና። «ጋሼ፣ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ምን መጎርጎር ነው? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰሙም?» «ዘንዶ ደግሞ አይበላም» አለ አንድ ድምፅ ከጥጉ። ባሏ ነበር። ትንሹ ወንድሙ ሳቀ፣ እጮኛዋ ሳቀች፣ የእጮኛዋ አባት እስኪያስለው ሳቀ፤ ጎማ ጠጋኙ ራሱ ከአፉ በወጣው ደንግጦ አንገቱን ደፋ። ፈታሹ ትሪውን አዩት። ባዶ ነው። ሆዳቸውን አሰቡ። እሱ ባዶ አይደለም። ዓሣው ርኩስ ቢባል የረከሰ ሆድ ዝርዝር ከማን እንደሚጀምር ለማወቅ ጉምሩክ መሥራት አያስፈልግም፤ ጋብቻውም እዚያው ወንበር ላይ ይቀራል። የሰጡት ምርቃት ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ቅርፊቱን በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንዴ ያለፈ አልፏል።» ዓሣ ቆራጯ ሻዩን አደለች፤ አማቷም ከእጇ ተቀበሉ፤ ብርጭቆውን ይዘው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠጡት ቆዩ።

እንግዶቹ ሲሸኙ ገና በጊዜ ነበር። ዓሣ ቆራጯ ጓዳ ውስጥ ሳህን ስታጥብ አማቷ ገቡና በሩን ዘጉ። እንደ ወትሮው ያዛሉ ብላ ጠበቀች። አላዘዙም። «የኔ ልጅ» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «እኔ አሮጊት ነኝ። ከእንግዲህ የምሄድበት ሩቅ አይደለም። እስከ ዛሬ ያልተፈቀደ ነገር በአፌ አልገባም። እውነቱን ንገሪኝ፤ ያ ዓሣ ንጹሕ ነው?» ቀና ብላ አየቻቸው። ፈታሹ በሚመረምሩበት ዓይን አልነበረም የሚያዩዋት፤ የእሳቸው ፍርሃት የእውነት ነበር። አሳዘኗት፤ እናቷን መሰሏት። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ከዚያ «ካንቺ ጋር ትደር» የሚለው ቃል ጠዋት ሳሙናው እንዳቃጠላት አቃጠላት። «እማማ፣ ቅርፊቱን አላዩም?» አለች። «አይቻለሁ።» «ጋሼስ አላሳለፉትም?» «አሳልፈውታል።» «እንግዲያው።» አሮጊቷ ተነፈሱ። ሊሰሙ የመጡት ይህን ነበር፤ ከዚህ ሌላ ቢነገራቸው የት ያደርጉታል? ዓሣ ቆራጯ አፈረች። ተደሰተችም። ሐቁን ለመናገር፣ ደስታው ከሐፍረቱ ይበልጥ ነበር፤ ይህ ደግሞ እንደገና አሳፈራት።

በሩ ተገፋና ልጅቷ ገባች። «እማ፣ ራበኝ።» አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ አንዲት ነገር አልቀመሰችም፤ ያ የተደነቀው ቅርፊት አፌን ይወጋኛል ብላ መልሳዋለች። እናቷ እጇን አደረቀች። መደርደሪያው ላይ ሳህን የተደፋበትን ቆሮሶ አወረደች፤ ቀዝቅዟል፣ ሎሚም የለውም፣ ጠረጴዛ ላይ የወጣም አይደለም። «እሱን እኮ ጋሼ አላሳለፉትም» አሉ አማቷ፣ እጃቸውን ዘርግተው። «ዓሣውን አላሳለፉትም» አለች ዓሣ ቆራጯ ቀስ ብላ። «እጄን ግን መርቀውታል። እማማም አሜን ብለዋል።» የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። ልጅቷ እናቷ ጉልበት ላይ ወጥታ አፏን ከፈተች። በዚያ ቀን በዚያ ቤት ንጹሕ ዓሣ የበላው ይህ አፍ ብቻ ነው፤ አሮጊቷም በር ላይ ቆመው የምትበላውን ልጅ ብዙ ጊዜ አዩ።

«አጥንቱን ደህና አድርገሽ አውጪላት» አሉ።

«አውጥቼዋለሁ፣ እማማ።»